ትሪቪያው አይረሳም፣ ሞጁሉ ለምን ይረሳል? 8 የታሪክና የቢዝነስ ጥያቄዎች ከአጠናን ዘዴ ጋር

"ሳምሰንግ ሲጀምር ምን ይሸጥ ነበር?" የሚል ፖስት አንዴ ያየ ሰው መልሱን ከዓመት በኋላም አይረሳውም። ያው ሰው ሦስት ጊዜ ያነበበውን ቻፕተር ፈተና ላይ ሲያገኘው ግን "ይቺን'ኮ አውቃታለሁ፣ ገጹ ላይ ከታች በስተቀኝ ነበረች" ብሎ ቁጭ ይላል። ገጹ ትዝ ይለዋል፣ መልሱ ግን የለም 😅

ችግሩ የጭንቅላት አይደለም። ትሪቪያ በጥያቄ ይመጣል፣ ትገምታላችሁ፣ መልሱ ያስገርማችኋል፣ ከዚያ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ለጓደኛ ታወራላችሁ። ሞጁሉን ግን ማንም አይጠይቃችሁም። በሃይላይተር ታሰምሩና ታልፋላችሁ።

ዛሬ ሁለቱን እናገናኛቸው። መጀመሪያ 8 ጥያቄ አለ፣ ቀጥሎ መልሱ ከነታሪኩ፣ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ደግሞ ለሚድና ለፋይናል የሚሆን አንድ የአጠናን ነገር። ፍሬሽማን ለሆናችሁ አብዛኛው ከታሪክ፣ ከኢኮኖሚክስና ከኢንተርፕረነርሺፕ ኮርሶቻችሁ ጋር ይነካካል። ለኤግዚት ኤግዛም የምትዘጋጁም ከታች ያለው ፕሮግራም ይጠቅማችኋል።

አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ገምቱ። ብትሳሳቱም ችግር የለም። ገምቶ ተሳስቶ ወዲያው ትክክለኛውን ማየት መልሱ እንዲያዝ ይረዳል።

📝 ጥያቄዎቹ

1. የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ በ1889 እ.ኤ.አ ሲመሠረት ምን ይሸጥ ነበር?
2. ሳምሰንግ በ1938 እ.ኤ.አ ሥራ ሲጀምር ምን ይነግድ ነበር?
3. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ ወዴት ነበር?
4. በ1906 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ በየትኛው አገር ባንክ ሥር ነበር?
5. ማርትሬዛ ብር በየትኛውም ዓመት ቢመረት ላዩ ላይ 1780 ተብሎ የሚጻፍበት ለምንድነው?
6. የጂቡቲ ባቡር ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ላይ የቆመው ለምንድነው?
7. የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ኢንጂነር የየትኛው ኩባንያ ሠራተኛ ነበር?
8. ኢትዮጵያ አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ልታስመዘግብ የጠየቀችው የየትኞቹን ሦስት ቡናዎች ስም ነው?

ገመታችሁ? እሺ፣ እንቀጥል 👇

✅ 1. ኒንቴንዶ፦ የካርታ መጫወቻ

ፉሳጂሮ ያማውቺ የተባለ ሰው ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ነው የመሠረተው። የሚሸጠው "ሃናፉዳ" የሚባል፣ አበባ የተሳለበት፣ በእጅ የሚሠራ ካርታ ነበር። ቪዲዮ ጌም የመጣው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

1889ን እንዴት አትረሱትም? ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሆኑበትና የውጫሌ ውል የተፈረመበት ዓመት ነው። አሁን ኒንቴንዶ ከውጫሌ ጋር ታሰረላችሁ።

📌 የአጠናን ነገር፦ አዲስ ዓመተ ምሕረት ለብቻው አትሸምድዱ። ከምታውቁት አንድ ክስተት ጋር እሰሩት። ለታሪክ ኮርስ አምስት ስድስት "ችካል" የሚሆኑ ዓመቶችን (ለምሳሌ አድዋ 1896 እ.ኤ.አ) በደንብ ያዙ። ሌላውን "ከአድዋ በፊት ነው በኋላ? በስንት ዓመት?" እያላችሁ አስቀምጡት።

✅ 2 እና 3. ሳምሰንግ፦ የደረቀ ዓሣና አትክልት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ፦ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ

ሳምሰንግን የመሠረተው ሊ ብዩንግ ቹል ነው፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ። ስሙ "ሦስት ኮከቦች" ማለት ነው። ኩባንያው የደረቀ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይነግድ ነበር፣ ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ የገባው በ1969 ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም ተመሠረተ። የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በሲ 47 አውሮፕላን አደረገ።

ወጥመዱን አያችሁት? ሳምሰንግ 1938፣ አየር መንገዱም 1938! ግን አንዱ እ.ኤ.አ ነው፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር። አየር መንገዱ በፈረንጅ ሲሆን ምሥረታው ዲሴምበር 1945፣ በረራው ኤፕሪል 1946 ነው። በፈረንጅ ሁለት ዓመት የሚመስለው በእኛ አንድ ዓመት ሆነ።

📌 የአጠናን ነገር፦ ሞጁሉ በእ.ኤ.አ ይጽፋል፣ እናንተ ከልጅነት ጀምሮ የምታውቁት በዓ.ም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማርክ ይፈሳል። ቀላል መመሪያ፦ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ዓመት ማብቂያ (ዲሴምበር 31) ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ደግሞ 8። አድዋ የካቲት ላይ ስለሆነ 1896 ሲቀነስ 8፣ 1888 ዓ.ም። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ላይ ስለተመሠረተ 1945 ሲቀነስ 7፣ 1938። ኖታችሁ ላይ ሁሌም ሁለቱንም ጻፉ።

✅ 4. የአቢሲኒያ ባንክ፦ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ በምኒልክና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ተወካይ መካከል በ1905 እ.ኤ.አ በተደረገ ውል የመጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረ። የግብፁ ባንክ ራሱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ውሉ ለ50 ዓመት ቢሆንም ያን ያህል አልቆየም። በ1931 እ.ኤ.አ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ባለድርሻዎቹ ካሳ ተከፍሏቸው ተዘጋና በቦታው "የኢትዮጵያ ባንክ" ተተካ።

ዛሬ የምናውቀው አቢሲኒያ ባንክ በ1996 እ.ኤ.አ የተቋቋመ የግል ባንክ ነው። ስም ይመሳሰላል እንጂ ያኛው አይደለም።

📌 የአጠናን ነገር፦ ብዙ ጊዜ ፈተና ላይ የምንወድቀው ባላነበብነው ሳይሆን በሚመሳሰሉ ነገሮች ነው። አራቱም ምርጫ "ያየሁት" ይመስላል። መፍትሔው የሚመሳሰሉትን ለየብቻ ማጥናት ሳይሆን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና በአንድ መስመር "በምን ይለያያሉ?" የሚለውን ብቻ መልሱ። ማይክሮና ማክሮ፣ አክሲዮንና ቦንድ፣ የውጫሌ ውል የአማርኛውና የጣልያንኛው ቅጂ ሁሉ በዚህ መንገድ ይያዛል።

✅ 5. ማርትሬዛ፦ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ

የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ሳንቲሙ ግን ከእሷ በኋላም መመረቱን ቀጠለ፣ ዓመቱም መልኩም ሳይቀየር። ምክንያቱ ነጋዴው ነው። በቀይ ባሕር አካባቢ ያለ ነጋዴ የሚያምነው የለመደውን መልክ ነበር። ከ28 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ሳንቲም ነው፣ የብር ይዘቱ የታወቀ። የገንዘባችን ስም "ብር" የሆነውም ብር ከተባለው ማዕድን ነው።

ከማርትሬዛ ጎን ለጎን አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፣ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል እየተጫነ።

📌 የአጠናን ነገር፦ ኢኮኖሚክስ ላይ "ገንዘብ ማለት ሰዎች ለመገበያያነት የተቀበሉት ነገር ነው" የሚለውን ትርጉም በቃል ብቻ ስትይዙት ይጠፋል። ከአሞሌና ከማርትሬዛ ጋር ስታያይዙት ግን ኤክስፕሌይን የሚል ጥያቄ ቢመጣም የምትጽፉት አታጡም። ለእያንዳንዱ ዴፊኒሽን አንድ የምታውቁትን ምሳሌ ፈልጉለት።

✅ 6. ድሬዳዋ፦ ባቡሩ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ

ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጂቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር፣ ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ናትና። ግን ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ ያጥረው ነበር። ስለዚህ ከተራራው ሥር ቆላው ላይ በ1902 ጣቢያ ተሠራ። በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ፤ ድሬዳዋ።

ከዚያም ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ቆመ፣ በአዲስ ውል እንደገና ተጀመረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ፣ 20 ዓመት ሥራ። "ለገሀር" የሚለው ስምም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙ "ባቡር ጣቢያው"።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። 1894፣ 1897፣ 1902፣ 1917 የሚሉትን አራት ቁጥሮች በዝርዝር ብሰጣችሁ ነገ ይጠፋሉ። "ፈቃድ ተሰጠ፣ ተጀመረ፣ ተራራው ሥር ቆመ፣ ገንዘብ አለቀ፣ በመጨረሻ ገባ" ስትሉ ግን እያንዳንዱ ዓመት ቦታ አለው።

📌 የአጠናን ነገር፦ እያንዳንዱን ፓራግራፍ ስትጨርሱ "ለምን?" በሉ። ለምን እዚያ? ለምን ያኔ? ባይሆን ምን ይሆን ነበር? መልሱ ሞጁሉ ውስጥ ከሌለ መምህሩን ወይም ጓደኛ ጠይቁ። "ለምን"ን የያዘ ተማሪ ቁጥሩ ቢጠፋው እንኳ ቅደም ተከተሉ አይጠፋውም፣ ምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተል ብዙ ያድናል።

✅ 7. ዲጂታል ካሜራ፦ ኮዳክ

አዎ፣ የፊልም ንጉሥ የነበረው ኮዳክ! በ1975 ስቲቭ ሳሰን የተባለ ወጣት ኢንጂነር የሠራው ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ጥራቱ 0.01 ሜጋፒክስል። አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኮዳክ በኋላ ዲጂታል ካሜራ ሸጧል፣ ነገር ግን ትልቁ ገቢው ከፊልም ስለነበር ከዚያ መላቀቅ ከበደው። በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ዛሬ የሚመቸው ነገ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ደጋግሞ ማንበብም እንዲሁ ነው፣ ይህን ደግሞ በቁጥር እንየው።

በ2006 እ.ኤ.አ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን 4 ዙር አነበበ። ሌላው 1 ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት 3 ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ውጤቱ፦

▪️ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ፦ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ
▪️ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ፦ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ

ለዚህ ነው ማታ ቸክላችሁ "በቃ ገብቶኛል" ብላችሁ የምትተኙት፣ ፈተናው ሲመጣ ግን ባዶ የሚሆነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፣ ስሜቱ ግን ከእውቀቱ ቀድሞ ይመጣል።

📌 የአጠናን ነገር፦ አንዴ በደንብ አንብቡ፣ ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ቀጣዩ ጥናታችሁ ከዚያ ከሌላው ቀለም ይጀምር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን መጽሐፍ ሳይዝ እያነበነበ የሚያጠናው በዚሁ መንገድ ነው።

✅ 8. ቡና፦ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር

ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ ሦስቱን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋርም ውዝግብ ተነሳ። በመጨረሻ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ተፈራረሙ። ነገሩ ቡናው ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም ገዢው ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍለው ለስሙም ጭምር ነው።

📌 የአጠናን ነገር፦ ኢንተርፕረነርሺፕ ላይ "ፓተንት፣ ኮፒራይት፣ ትሬድማርክ" የሚለው ያምታታችኋል? ይርጋጨፌን ትሬድማርክ በሉት፣ ሌሎቹን ሁለት ደግሞ የራሳችሁን ምሳሌ ስጧቸው። ምሳሌውን ራሳችሁ ስትፈልጉት ከሞጁሉ ምሳሌ በተሻለ ይያዛል።

⏰ መቼ ይደገም?

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እያጠና ራሱን ፈተነ። እንደገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ልፋት ምን ያህሉን እንዳተረፈ ለካ። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከአንድ ወር በኋላ 21 በመቶ።

የገባው ትምህርት ከትርጉም የለሽ ቃላት ይሻላል። ግን አካሄዱን እዩት፦ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ሌክቸሩን "ለፈተና ሰሞን" ማቆየት ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ማለት ነው።

🗓 ቀላል ፕሮግራም፦

▪️ በዕለቱ፦ ከክላስ በኋላ 10 ደቂቃ። ደብተር ተዘግቶ የምታስታውሱትን ጻፉ።
▪️ በማግሥቱ፦ 10 ደቂቃ። ያው ነገር፣ ከዚያ የጎደለውን ማየት።
▪️ በሳምንቱ መጨረሻ፦ ከጓደኛ ጋር ተጠያየቁ። አንዱ ሞጁሉን ይያዝ፣ ሌላው ይመልስ።
▪️ ፈተናው ወር ከቀረው፦ በየ10 ቀኑ ገደማ መመለስ። ሳምንት ከቀረው፦ በአንድ ቀን ልዩነት።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው ኤግዚት ኤግዛም የበርካታ ዓመት ኮርስ ስለሚጠይቅ በአንድ ወር ቸከላ አይወጣም። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ የድሮ ኮርስ በጥያቄ መከለስ የመጨረሻውን ሰሚስተር ያቀልላችኋል።

🃏 ካርድ በነፃ

አንድ ኤ ፎር ወረቀት 8 ቦታ ቁረጡ። ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ። ሦስት ፖስታ አዘጋጁ፦ "በየቀኑ"፣ "በየሦስት ቀኑ"፣ "በየሳምንቱ"። የመለሳችሁት ካርድ ወደ ቀጣዩ ፖስታ ይለፍ፣ የተሳሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ሐሳቡ የሴባስቲያን ላይትነር ነው፣ በ1972 የወጣ። መብራት ቢጠፋ፣ ዳታ ቢያልቅ አይቆምም።

ለጊዜ ደግሞ ፖሞዶሮን ሞክሩ፦ 25 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣልያናዊ ተማሪ በነበረበት ጊዜ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የኩሽና ሰዓት የጀመረው ነው፣ ስሙም ጣልያንኛ ለቲማቲም ነው። በ25 ደቂቃው ውስጥ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

⚠️ ሦስት ማሳሰቢያ

1. ትሪቪያ ብቻውን ፈተና አያሳልፍም። ድሬዳዋን ማወቅ የባቡሩን ኢኮኖሚያዊ ውጤት እንደማብራራት አይደለም። ትሪቪያው መንጠቆ ነው፣ ቻፕተሩን ስቀሉበት።
2. ማትስ፣ አካውንቲንግና ፊዚክስ ላይ "ራስን መፈተን" ማለት መልሱን ሸፍኖ መሥራት ነው። የተሠራ ጥያቄ ማንበብ "ገባኝ" ያሰኛል፣ እስክሪብቶ ሲያዝ ግን ሌላ ነው። ወርክሺትና የድሮ ፈተና ከሁሉም ይበልጣል።
3. የፈተና ዋዜማ ተኙ። ያጠናችሁት የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ ያወቀውን ሁለት ጥያቄ በድካም ይስተዋል።

🔁 አሁን የመጨረሻው

ወደ ላይ ሳትመለሱ መልሱ፦

▪️ ኒንቴንዶ ከየትኛው የኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በአንድ ዓመት ሆነ?
▪️ 1938 ሁለት ጊዜ መጣ። የትኛው እ.ኤ.አ፣ የትኛው ዓ.ም?
▪️ የድሮውና የአሁኑ አቢሲኒያ ባንክ በምን ይለያያሉ?
▪️ ባቡሩ ሐረርን ለምን ተወ?
▪️ ከሳምንት በኋላ 61 በመቶ ያመጣው ቡድን ምን አድርጎ ነው?

አምስቱንም ከመለሳችሁ በርቱ 👏 ሁለት ከጎደላችሁ ደግሞ የሚደገመውን አወቃችሁ ማለት ነው። ይህን ፖስት ሴቭ አድርጉና ነገ ማታ አምስቱን ጥያቄ ብቻ ድጋሚ ሞክሩ፣ ከዚያ እሑድ። ዛሬ ማታ ደግሞ ከራሳችሁ ሞጁል ከአንድ ቻፕተር አምስት ጥያቄ አውጡና ለዶርም ጓደኛችሁ ጠይቁት። እሱም ይጠይቃችሁ።

መልካም ጥናት! 📚